በኮሃ ሶፍትዌር ክምችትን በምደባ ቁጥርና በፊደል ወሰን ከፍሎ መቁጠርና ማስተዳደር፦ ዝርዝር መመሪያ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ በባሕር ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና መሥሪያ ቤቶች ንብረታቸውን ይቆጥራሉ፤ ቤተ መጻሕፍትም ከዚህ ቆጠራ አያመልጥም። ወንበርና ጠረጴዛ በአጭር ጊዜ ተቆጥሮ ያልቃል። ብዙ ሺህ መጽሐፍ የያዘ ክፍል ግን አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ሊቆጠር የሚችለው ክምችቱ በመጠን ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ድርሻ ለአንድ ወይም ለሁለት ሠራተኛ ሲሰጥ ብቻ ነው። የክምችት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ይህን ክፍፍል የሚሠሩት «ከዚህ እስከዚህ» በሚል ወሰን ሲሆን፣ ወሰኑ በምደባ ቁጥር፣ በፊደል ተራ ወይም በሁለቱ ጥምረት ሊሰጥ ይችላል።

ይህ መመሪያ የሚከተለው ኮሃ የተባለውን ሶፍትዌር ነው። ኮሃ በኒው ዚላንድ ለአንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለ፣ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበትና ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። የምናሌ ስሞችና ጥቃቅን ገጽታዎች ከእትም እትም ይለያያሉ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። በሌላ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያም ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ምክንያቱም ወሰን የሚበላሽባቸው መንገዶች በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ናቸው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ዋና ነገር ሶፍትዌሩ ወሰንን የሚለካው በመጽሐፉ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ አለመሆኑ ነው። ከዚያ ጽሑፍ ተነሥቶ በራሱ ደንብ የሚሠራው፣ በመደበኛው ገጽ ላይ የማይታይ የቅደም ተከተል ቁልፍ አለ፤ ንጽጽሩ የሚካሄደው በዚህ ቁልፍ ነው። ወሰኑ ትክክል መስሎ ሳለ መጽሐፍ ሲጎድል ወይም የማይገባው ሲገባ፣ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ወሰኑ ላይ ሳይሆን ቁልፉ ላይ ነው።

ቁልፉ እንዴት ይሠራል

በኮሃ የእያንዳንዱ ቅጂ መረጃ በማርክ 21፣ ማለትም የመጽሐፍ መረጃ በቁጥር በተሰየሙ መስኮች በሚጻፍበት የቤተ መጻሕፍት ደረጃ፣ መዝገብ ውስጥ በመስክ 952 ይቀመጣል። በዚህ መስክ ንዑስ መስክ «ኦ» የመደርደሪያ ቁጥሩን፣ ማለትም በልማድ ኮል ነምበር የምንለውን ይይዛል፤ ንዑስ መስክ «2» ቁጥሩ የተሰጠበትን የምደባ ሥርዓት፣ ንዑስ መስክ «ሲ» የመደርደሪያውን ቦታ፣ ንዑስ መስክ «8» የክምችት መለያውን፣ ንዑስ መስክ «ፒ» ደግሞ ባርኮዱን ይይዛል። ቅጂው ሲመዘገብ ሶፍትዌሩ «ኦ»ን እና «2»ን አንብቦ «ሲኤን ሶርት» በሚባል ዓምድ ውስጥ ቁልፉን ያስቀምጣል።

በዴዊ ደንብ፣ ማለትም መጻሕፍትን በይዘታቸው ከ000 እስከ 999 በሚመድበው ሥርዓት ደንብ፣ 892.87 ዓለማ የሚለው የመደርደሪያ ቁጥር ቁልፉ 892_870000000000000_ዓለማ ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ ያለው ክፍል በዜሮ ተሞልቶ 15 አኃዝ የሚሆነው .3 ከ.25 በኋላ እንዲመጣ ነው፤ እንደ ሙሉ ቁጥር ቢነበብ ኖሮ 3 ከ25 ቀድሞ ይደረደር ነበር። ነጥብ የሌለው ቁጥርም ያው 15 ዜሮ ይጨመርለታል፤ 963 ሀይሉ የሚለው 963_000000000000000_ሀይሉ ይሆናል። ይህን አጻጻፍ በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በዓይን ማየት ከታች የሚመጡትን ጥንቃቄዎች ሁሉ ግልጽ ያደርጋል።

ደረጃ አንድ፦ የምደባ ሥርዓቱንና የአደራደር ደንቡን ማረጋገጥ

በአስተዳደር ገጽ የምደባ ቅንብር የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። በዚያ የምደባ ሥርዓቶች ዝርዝርና እያንዳንዱ ሥርዓት የሚጠቀምበት የአደራደር ደንብ ይታያል፤ ደንቦቹ የዴዊ፣ የላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስና ጄኔሪክ የሚባለው አጠቃላይ ደንብ ናቸው። ቤተ መጻሕፍትዎ በዴዊ የሚሠራ ከሆነ ነባሪው የምደባ ሥርዓት ዴዊ መሆኑን በሥርዓት ምርጫዎች ውስጥ ያረጋግጡ።

ነባሪውን ማስተካከል ብቻውን በቂ አይደለም። ቀደም ሲል ከሌላ ፋይል የገቡ ቅጂዎች ንዑስ መስክ «2» ባዶ ሆኖ ወይም ሌላ ሥርዓት ተጽፎበት ሊገኝ ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ቅጂዎች ጀርባቸው ላይ የዴዊ ቁጥር ቢለጠፍባቸውም ቁልፋቸው በሌላ ደንብ የተሠራ ስለሆነ ከጎረቤታቸው ጋር አይሰለፉም። ስለዚህ በሪፖርት ክፍል የመደርደሪያ ቁጥርን፣ የምደባ ሥርዓትንና የቅደም ተከተል ቁልፍን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት ያዘጋጁና በቁልፉ ቅደም ተከተል ያውጡት። ይህ ሪፖርት በዚህ መመሪያ ውስጥ በተደጋጋሚ ስለሚያስፈልግ ስም ሰጥተው ያስቀምጡት።

በዚሁ አጋጣሚ የግዕዝ ፊደል በቁልፉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይፈትሹ። ሶፍትዌሩ ሲሠራ የላቲን ፊደል ታስቦ ስለነበር አንዳንድ ደንብ ከላቲን ፊደልና ከቁጥር ውጪ ያለውን ሁሉ ከቁልፉ ሊያስወጣ ይችላል። በሀ፣ በለ፣ በመ፣ በአ እና በፈ የሚጀምሩ የሙከራ ቅጂዎች በአንድ ዓይነት ቁጥር ይመዝግቡና ቁልፋቸውን በሪፖርቱ ይመልከቱ። ፊደሉ ከቁልፉ ጠፍቶ ከተገኘ የፊደል ወሰን የሚባለው ነገር ከናካቴው አይሠራም፤ በዚህ ጊዜ ደንቡን መለወጥ እንጂ ወሰኑን መነካካት ጥቅም የለውም።

ደረጃ ሁለት፦ የመደርደሪያ ቁጥሩን አጻጻፍ ማጥራት

አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚህ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ማጥፋት ይገባል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ከፊት የሚጠፋ ዜሮ ነው። በኤክሴል የተዘጋጀ ዝርዝር ወደ ሶፍትዌሩ ሲገባ 005.133 የሚለው 5.133 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ኤክሴል ቁጥር መስሎት ዜሮዎቹን ስለሚጥላቸው ነው። ቁልፉ በ5 ስለሚጀምር መጽሐፉ ከ499 በኋላና ከ500 በፊት ይቀመጣል፤ ከ000 እስከ 099 ብሎ የኮምፒውተር መጻሕፍትን የሚጠራ ሰው ባዶ ዝርዝር ይመለስለታል። ዓምዱን ፋይሉ ከመሞላቱ በፊት ጽሑፍ ብሎ መሰየም ይህን ያስቀራል፤ ለባርኮድ ዓምድም እንደዚሁ።

ሁለተኛው ክፍተት ነው። በቁጥሩና በደራሲው ምልክት፣ ማለትም ከቁጥሩ በኋላ በሚጻፉት የደራሲው ስም ፊደላት፣ መካከል አንድ ተራ ክፍት ቦታ መኖር አለበት። አንዳንድ ጸሐፊ በልማድ ሁለት ነጥብ (፡) ያስገባል፤ ለሶፍትዌሩ ይህ ምልክት ክፍት ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ 963፡ሀይሉ ሲጻፍ ቁጥሩና ስሙ እንደ አንድ ቃል ተነበው ዜሮዎቹ ሳይሞሉ ይቀራሉ። የግዕዝ ቁጥርም እንዲሁ ችግር ያመጣል፤ ፩ እና ፪ በዴዊ ደንብ እንደ አኃዝ ስለማይቆጠሩ ከቁልፉ ይወገዳሉ፤ በዚህም ምክንያት የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጾች አንድ ዓይነት ቁልፍ ይይዛሉ። በገጹ ላይ ያምራል፤ በመደርደሪያ ቁጥር ላይ ግን 1 እና 2 ይጻፍ።

ሦስተኛው የቅጽ ቁጥርና የኅትመት ዓመት ነው። ከደራሲው ምልክት በኋላ የሚጻፍ ቁጥር እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚነጻጸር ቅጽ 10 ከቅጽ 2 ቀድሞ ይመጣል፤ 02 ተብሎ ቢጻፍ ተራው ይስተካከላል። ዓመት ሲጻፍ ደግሞ የደራሲው ምልክት በመሀል መኖሩ ወሳኝ ነው። 963 ሀይሉ 1998 ያለ ችግር ይነበባል፤ ደራሲው ያልታወቀ ሆኖ 963 1998 ተብሎ ከተጻፈ ግን ደንቡ 1998ን ከነጥብ በኋላ ያለ ክፍል አድርጎ ስለሚወስደው መጽሐፉ 963.1998 እንደተባለ ሆኖ ይደረደራል። ደራሲ ለሌለው መጽሐፍ የርእሱን ፊደላት በደራሲው ምልክት ቦታ ማስገባት መፍትሔ ይሆናል። ዓመቱ በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ የሚለውም አንድ ጊዜ ተወስኖ ለሁሉም ሠራተኛ መነገር አለበት፤ በመጽሐፉ ላይ የታተመውን እንዳለ መጻፍ ለእኔ የተሻለ ነው።

የመጨረሻው ከቁጥሩ በፊት የሚጻፍ ፊደል ነው። ለማጣቀሻ መጻሕፍት ማጣ 963 ብሎ መጻፍ በብዙ ቤተ መጻሕፍት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ፊደል ከቁጥር በኋላ ስለሚመጣ እነዚህ መጻሕፍት ከ999 በኋላ ይሰለፋሉ፤ ከ900 እስከ 999 በተባለ ወሰን ውስጥም አንዳቸውም አይገኙም። ማጣቀሻ መሆኑን በመደርደሪያ ቦታ መስክ መግለጽና የመደርደሪያ ቁጥሩን ንጹሕ መተው ይሻላል። ጀርባው ላይ ፊደሉ እንዲታይ ከተፈለገ በሚታተመው ወረቀት ላይ መጨመር ይቻላል።

ደረጃ ሦስት፦ ስለ ፊደላችን አንድ አቋም መያዝ

የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር የቁምፊ ሠንጠረዥ፣ ማለትም በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ አቀማመጡም በመሠረቱ ከሀ እስከ ፐ የምናውቀውን ተራ የተከተለ ነው። ስለዚህ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ የሚሄደው ቅደም ተከተል ያለ ተጨማሪ ቅንብር ይሠራል። የሚያስቸግረው ሞክሼ የሚባሉት ፊደላት ጉዳይ ነው።

አንድ ስም ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሃይሉ እና ኀይሉ ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ልዩነት አያይም፤ ሶፍትዌሩ ግን ያያል። ጉዳቱ ለሁሉም ሞክሼ እኩል አይደለም። ጸ እና ፀ በተራው ውስጥ ጎን ለጎን ስለሆኑ ቢቀላቀሉም መጽሐፉ ከቦታው ብዙ አይርቅም። ሠ እና ሰ በመካከላቸው ረ ብቻ ናት። አ እና ዐ ግን በመሀላቸው ከ፣ ኸ እና ወ ስላሉ ዓለሙ እና አለሙ የሚሉት ሁለት አጻጻፎች በሁለት የተለያዩ መደርደሪያዎች ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ከሁሉም የከፋው የሀ ቤተሰብ ነው፤ ሀ በተራው መጀመሪያ፣ ሐ ከለ በኋላ፣ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ ስለሚመጣ የአንድ ደራሲ ሥራዎች በክፍሉ ውስጥ ተራርቀው ይበተናሉ።

መፍትሔው የደራሲውን ስም ማረም አይደለም። የደራሲ ስም በሚገባበት በመስክ 100 ላይ ስሙ ደራሲው ራሱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ሌሎቹ አጻጻፎች በስም ባለሥልጣን መዝገብ፣ ማለትም የአንድን ስም ልዩ ልዩ አጻጻፎች በሚያገናኘው መዝገብ፣ ውስጥ በመስክ 400 እንደ አማራጭ ይግቡ፤ ፈላጊው በየትኛውም ቢጽፍ ይደርስበታል። በመደርደሪያ ቁጥሩ ላይ ብቻ ግን አንድ ወጥ ፊደል ይሥራ፦ ለሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸ ሀ፤ ለሠ እና ሰ ሰ፤ ለአ እና ዐ አ፤ ለጸ እና ፀ ጸ። በሀ እና በአ ቤተሰብ ግዕዝና ራብዕ በንግግር ስለማይለዩ ሃ እና ኃ ሀ፣ ኣ እና ዓ ደግሞ አ ይሁኑ። በዚህ መሠረት ከላይ ያሉት አራቱ አጻጻፎች ሁሉ ጀርባቸው ላይ ሀይሉ ይባላሉ፤ ከላይ ለቁልፍ ማሳያ የወሰድነው 892.87 ዓለማም ከአሁን ጀምሮ 892.87 አለማ ይሆናል። የፊደሉን ክብር የነካ የሚመስለው ሠራተኛ ሊኖር ይችላል፤ ይህ ግን የአድራሻ ምልክት እንጂ የስም አጻጻፍ አይደለም።

ከደራሲው ስም የሚወሰደው የራሱ ስም እንጂ የአባቱ ስም አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም ስለሌለው በመስክ 100 የመጀመሪያው አመልካች፣ ማለትም የስሙን ዓይነት የሚናገረው አኃዝ፣ 0 ሆኖ በራስ ስም ይመዘገባል። አቶ፣ ዶ/ር፣ አባ፣ መምህር፣ ደጃዝማች የመሳሰሉት ማዕረጎች በምልክቱ ውስጥ አይገቡም። ሦስት ፊደል መውሰድ ለአብዛኛው ይበቃል፤ ነገር ግን ተስፋዬ፣ ተስፋሁን እና ተስፋ በሦስት ፊደል ስለማይለዩ የአባት ስም የመጀመሪያ ፊደል መጨመር ይመከራል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ብለው የሚጀምሩ ጥምር ስሞች ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ ተለያይተው ቢጻፉም በምልክቱ ላይ ተያይዘው ቀጣዩን ፊደል ይጨምሩ፤ ገብረ መድኅን ገብረመ፣ ገብረ ሕይወት ገብረህ ይሁን። በመሀል ክፍት ቦታ ከተተወ ቁልፉ ስለሚለያይ ገብረ መ እና ገብረመ አብረው አይቆሙም።

የላቲን ፊደል በቅደም ተከተል ከግዕዝ ስለሚቀድም በ963 ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፉት ቀድመው፣ የአማርኛዎቹ ተከትለው ይመጣሉ። ይህን መቀበል ወይም ሁለቱን በመደርደሪያ ቦታ መለየት ይቻላል። የማይቻለው አንዱን ኢትዮጵያዊ ደራሲ አንዴ በላቲን፣ አንዴ በግዕዝ መጻፍ ነው፤ ምልክቱ የመጽሐፉን ቋንቋ ይከተል።

ደረጃ አራት፦ የወሰን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት

አሁን እያንዳንዱ መደርደሪያ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን በወረቀት ላይ ይጻፉ። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድረሻው ላይ ነው። የግብርና መጻሕፍትን ለመጥራት ከ630 እስከ 639 ብሎ የጻፈ ሰው 639.2 ላይ ያሉትን የዓሣ ማስገር መጻሕፍትና 639.3 ላይ ያሉትን የዓሣ እርባታ መጻሕፍት አያገኝም፤ ምክንያቱም 639 ማለት በቁልፉ 639_000000000000000 ስለሆነ ከዚያ የሚበልጠው ሁሉ ይቆረጣል። በፊደልም ያው ነው፤ ከሀ እስከ መ ያለ ሰው መኮንንን፣ ሙሉጌታንና ሞገስን ያጣል፤ የሚያገኘው በመ ብቻ የተጻፈ ምልክት ካለ እርሱን ነው።

ለሁለቱም የሚሠራ አንድ ደንብ አለ፦ መድረሻው የቀጣዩ ክፍል መነሻ ይሁን። ከ630 እስከ 640፣ ከ892.87 ሀ እስከ 892.87 ሠ ተብሎ ይጻፍ። 640 አበበ የሚለው ቁልፍ 640 ብቻውን ካለው ቁልፍ ስለሚበልጥ ወደ ወሰኑ አይገባም፤ ሠ ብቻዋን የሆነች ምልክትም የለችም። ይህ ደንብ የሚሠራው እያንዳንዱ ቅጂ የደራሲ ምልክት ካለው ብቻ ነው፤ 640 ብቻ ተብሎ የተተወ ቅጂ ካለ በሁለት ወሰን ውስጥ ይቆጠራል። የ892.87 የመጀመሪያ መደርደሪያ መነሻ ደግሞ ሀ ሳትጨመር 892.87 ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ምልክት የሌላቸውና በላቲን ምልክት የተጻፉት ከሀ በፊት ስለሚሰለፉ አለበለዚያ ከሁሉም ወሰን ውጪ ይቀራሉ።

በባሕር ዳር ባሉ ቤተ መጻሕፍት 892.87፣ ማለትም የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ በአንድ ቁጥር ሥር ረጅም መደርደሪያ ስለሚሞላ የምደባ ቁጥር ብቻውን ሊከፍለው አይችልም፤ ሥራውን የሚሠራው ፊደሉ ነው። ፊደላቱን በቁጥር እኩል ማካፈል ግን ስሕተት ነው። አ፣ ተ፣ መ እና በ የሚሸከሙት ብዙ ሲሆን ጰ፣ ኘ፣ ዠ እና ፐ ባዶ ለመሆን ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ከላይ ባለው ደንብ ዐ ወደ አ ስለተጠቃለለ አ ይበልጥ ይከብዳል። በመጀመሪያ ፊደል የቅጂ ብዛትን የሚደምር ሪፖርት ያውጡና ወሰኑን በብዛቱ ይከፋፍሉ፤ አ ብቻዋን አንድ መደርደሪያ ብትይዝ፣ ከጠ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ ተጠቃልለው ሌላ ቢይዙ ምንም አይደለም።

ለልጆች ክፍል መጻሕፍት በደራሲ ፋንታ በርእስ ፊደል የሚደረደሩ ከሆነ «የ» የምትለዋ ቅጥያ ክፍሉን ትቆጣጠረዋለች። የጣና፣ የአንበሳው፣ የእናቴ የሚሉ ርእሶች ሁሉ በ«የ» ሥር ይከማቻሉ። ማርክ 21 ርእስ በሚገባበት በመስክ 245 በሁለተኛው አመልካች በቅደም ተከተል የማይቆጠሩ ቁምፊዎችን ለመዝለል ይፈቅዳል፤ ይህ የተሰናዳው ግን በርእስ መጀመሪያ ላይ ራሱን ችሎ ለሚቆም መስተአምር እንጂ ከቃሉ ጋር ለተጣበቀ ፊደል ስላልሆነ «የ»ን መዝለል አልመክርም። ልጁም የሚፈልገው እንደሚያነበው ነው። ለ«የ» ለብቻዋ ሰፊ ወሰን መስጠት ይቀላል።

ደረጃ አምስት፦ ወሰኖቹን ከመጠቀም በፊት መፈተን

ሁለት ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው የድምር ፈተና ነው፦ የሁሉንም ወሰኖች የቅጂ ብዛት ደምረው ከአጠቃላዩ የቅጂ ብዛት ጋር ያነጻጽሩ። ድምሩ ካነሰ የመደርደሪያ ቁጥራቸው ባዶ የሆነ ወይም ከወሰኖቹ ሁሉ ውጪ የቀሩ ቅጂዎች አሉ ማለት ነው፤ ባዶ የሆነ በየትኛውም ወሰን ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ለዓመታት ሳይቆጠር ሊኖር ይችላል። ድምሩ ከበዛ ወሰኖች ተደራርበዋል። ሁለተኛው ፈተና ወሰንን ራሱን ስሕተት መፈለጊያ ማድረግ ነው። በደረጃ ሦስት በተያዘው አቋም መሠረት በሐ፣ በሠ፣ በኀ፣ በኸ፣ በዐ እና በፀ የሚጀምር የደራሲ ምልክት መኖር ስለሌለበት፣ ከ892.87 ሐ እስከ 892.87 መ፣ ከሠ እስከ ረ፣ ከኀ እስከ ነ፣ ከኸ እስከ ወ፣ ከዐ እስከ ዘ፣ ከፀ እስከ ፈ ሲጠየቅ መልሱ ባዶ መሆን ይገባዋል። የሚመለሰው ቅጂ ሁሉ መለጠፊያው እንደገና የሚታተም ነው።

የአደራደር ደንብ ከተለወጠ ነባር ቁልፎች በራሳቸው አይታደሱም። ቅጂው ተከፍቶ ሲቀመጥ ቁልፉ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ለብዙ ሺህ ቅጂ ግን የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ከአገልጋዩ ኮምፒውተር ሁሉንም ቅጂ በአንድ ጊዜ የሚያድሰውን የጥገና ትእዛዝ ማስኬድ አለበት። ከዚያ በፊት የመረጃ ቋቱ ቅጂ ይወሰድ።

ደረጃ ስድስት፦ ቆጠራው

የቆጠራውን መሣሪያ ይክፈቱ፤ ቅርንጫፍና የመደርደሪያ ቦታ ይምረጡ፤ ከዚያም መነሻና መድረሻውን ያስገቡ። በውሰት ላይ ያሉትን ዝለል የሚለውን ምርጫ ማብራት ተማሪ ወደ ቤቱ የወሰደውን መጽሐፍ ጠፋ ከማለት ያድናል። የቀን መስኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ተብሎ ይግባ።

መደርደሪያው ዘንድ ሄደው ሲያነቡ ባርኮዶቹን በቀጥታ ወደ ሶፍትዌሩ ከማስገባት በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር አንድ ባርኮድ እያደረጉ ማስቀመጥ ይሻላል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ በላፕቶፑ ባትሪ ሥራው ይቀጥላል። የፋይሉ ስም ወሰኑን ይናገር። ንባቡ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች በመደርደሪያው ቅደም ተከተል ይሁን፤ አዳዲስ የኮሃ እትሞች ከቦታቸው የተዛነፉትን የሚያሳዩት የንባቡን ተራ ከቁልፉ ተራ ጋር በማነጻጸር ስለሆነ በዘፈቀደ የተነበበ ፋይል ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ያበዛል።

ፋይሉን ሲጭኑ ዝርዝሩ ከወሰኑ ጋር ይነጻጸር የሚለውን ምርጫ ያብሩ። ያለዚህ ምርጫ ሶፍትዌሩ የተነበቡትን ብቻ ታዩ ብሎ ይመዘግባል እንጂ የጎደሉትን አይነግርም። ውጤቱ ላይ ያልተነበበ፣ ከወሰኑ ውጪ ተገኘ፣ በውሰት ላይ ተመዝግቦ ሳለ ተገኘ፣ የማይታወቅ ባርኮድ የሚሉ ችግሮች ይመጣሉ። ከወሰኑ ውጪ ተገኘ የተባለውን ወዲያው ወደ ሌላ መደርደሪያ አይውሰዱት፤ በመጀመሪያ ጀርባውንና ቁልፉን ያስተያዩ፤ መጽሐፉ በትክክል ቆሞ ቁልፉ የተሳሳተበት ጊዜ ብዙ ነው። ያልተነበበውንም ሁለተኛ ፍለጋ ሳይደረግ ጠፋ ብሎ መሰረዝ አይገባም፤ የጎረቤት ወሰኖች ቆጠራ እስኪያልቅ መጠበቅ ግማሹን ችግር ይፈታል።

ወሰን የማይመልሰው ጥያቄ

ስለ ጣና የተጻፉትን መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ወሰን መጥራት አይቻልም። የሐይቁ ውኃ 551.48፣ ሥነ ምህዳሩ 577.63፣ ዓሦቹ 597፣ ማስገሩ 639.2፣ ቤተ ክርስቲያኗ 281.75፣ የገዳማቱ ሕንፃ 726.7፣ ጉዞው 916.3፣ ታሪኩ 963 ላይ ናቸው። ስለ እንቦጭ የተጻፈ ጥናት እንኳ እንደ አተያዩ በሥነ ምህዳር ወይም በአረም ቁጥር 632.5 ሊመደብ ይችላል። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ተብለው ከተመዘገቡ ወዲህም የጽሑፉ ዓይነት በዝቷል። ለዚህ የሚያገለግለው ንዑስ መስክ «8» ነው፦ ጣና የሚል የክምችት መለያ ፈጥረው ለእነዚህ ቅጂዎች ይስጡ፤ መጽሐፉ በየቁጥሩ ቆሞ ሳለ በመለያው ተሰብስቦ ሊታይ ይችላል። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ መክፈት አያስፈልግም፤ ባርኮዶቻቸውን በፋይል ጭኖ በጅምላ ማስተካከያው መለያውን በአንድ ጊዜ መስጠት ይቻላል።

የጅምላ ማስተካከያ ከወሰን ጋር ሲጣመር መደርደሪያ ሲዛወርም ይጠቅማል። ከ892.87 ተ እስከ 892.87 አ ያለው ክፍል ወደ ሌላ አዳራሽ ከሄደ የቆጠራው መሣሪያ የሚያወጣውን የዚያን ወሰን ዝርዝር ወደ ፋይል ልከው የመደርደሪያ ቦታውን ለሁሉም ይለውጡ። ዝርዝሩን በራስዎ ሪፖርት የሚያወጡ ከሆነ ንጽጽሩ በመደርደሪያ ቁጥሩ ዓምድ ሳይሆን በቁልፉ ዓምድ ላይ መሆኑን፣ የሚያስገቡት መነሻና መድረሻም በቁልፉ አጻጻፍ መሆኑን ያረጋግጡ። በመደርደሪያዎቹ ጫፍ ላይ የሚለጠፈው ከ–እስከ ጽሑፍም በዚያው ቀን ይቀየር፤ ለአንባቢው ግን መድረሻው በሶፍትዌሩ እንዳለው «አ» ሳይሆን በውስጡ ያለው የመጨረሻ ፊደል «ነ» ወይም «ኘ» ተብሎ ይጻፍለት።